በትንሽ ብር ያገለገለ መኪና፦ መጀመሪያ ፋይሉ፣ ቀጥሎ ሐረጎ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው ከጫፉ ነው። ቀለሙን ያያል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሞተር አስነስቶ ያዳምጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ቀብድ ይከፍላል፤ ሊብሬውን፣ ማለትም የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር፣ የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ወረቀት ለማየት የሚወጣ ብር የለም፣ በጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳትም የለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ለመውጣትም ጥቂት ሊትር ቤንዚን ይበቃል። መካኒክ፣ ቀብድና ደላላ ግን ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቆዩ።

“ትንሽ ቆይቼ ዋጋ ሲወርድ እገዛለሁ” ለሚል ሰው አንድ ነገር ልበል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አከበደው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ጭራሹን እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ ገበያው ላይ የሚዞረው ቪትዝም ሆነ ኮሮላ ቀድሞ አገር ውስጥ የነበረው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ አይጨመርበትም። በእኔ እይታ ዛሬ ርካሽ መኪና ማለት ጉድለቱ አስቀድሞ ታውቆ በብር የተተመነለት መኪና ነው። ካላችሁ ብር ከ10 እስከ 15 በመቶውን ለጥገና ለይታችሁ አስቀምጡና መኪና የምትፈልጉት በቀረው ይሁን።

ወረቀቱ

ኦርጅናሉን ሊብሬ ጠይቁ፤ ኮፒም የስልክ ፎቶም አይበቃም። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ቁጥሩ የተመታበት ላሜራ የተሞረደ ከመሰለ፣ ቀለሙ ከዙሪያው ከተለየ ወይም ፊደላቱ መስመር ከሳቱ ክርክር ውስጥ ሳትገቡ ሂዱ። የሞተር ቁጥሩ ብቻ ካልገጠመ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ ግን ቅያሪው መንገድ ትራንስፖርት ባለው ፋይል ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ እዚያው ይቆማል።

ዓመተ ምሕረት ብዙ ሰው ያሳስታል። “2010 ሞዴል” ሲባል በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሰነድ ላይ “2010 የተመዘገበ” የሚል ካያችሁ ግን በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ያ በፈረንጆቹ 2017 ወይም 2018 ነው፣ የሚነግረውም መኪናው የተመዘገበበትን እንጂ የተሠራበትን አይደለም። የተሠራበትን ለመገመት የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቱት፤ ሥሩ ላይ የተሰፋው ጨርቅ ብዙ ጊዜ የምርት ዓመት አለው። የመስታወቶቹንም ማህተም አስተያዩ። አንዱ የሌላ ፋብሪካ ከሆነ ያ በር ወይም ያ ጎን ለምን እንደተነካ ጠይቁ።

ሻጩን ይዛችሁ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና እዳና እገዳ እንዳለበት አጣሩ። የባንክ ብድር፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ሁሉ እዚያ ይታያል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም፣ የሚጠየቀው ቀረጥም መኪናውን ከገዛችሁበት ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል። “ዋጋው የወረደው ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ነው” የሚባሉት አንዳንዶቹ ሲመረመሩ እንደዚህ ያሉ ናቸው።

ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ውስጥ መሸጥ፣ ስም ማዛወርና ገንዘብ መቀበል ተለይተው መጻፋቸውን አንብቡ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል። ከአንዱ ውክልና ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሦስት አራት እጅ የዞረ መኪና ላይ የመጀመሪያው ባለቤት በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመሸሽ ተብሎ በውክልና ብቻ መያዝ ደግሞ ለሻጩም አደጋ ነው፤ በሕጋችን መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

ወሎ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ንብረት ተዘርፏል። ስለዚህ ምትክ ሊብሬ ይዞ የሚመጣ መኪና ሲያጋጥማችሁ ኦርጅናሉ መቼና እንዴት እንደጠፋ፣ ለፖሊስ የቀረበ ማመልከቻ መኖሩን ጠይቁ። ምትክ መሆኑ ጥፋት አይደለም፣ መልስ ማጣቱ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ቀጠሮ የሚያዘው በጠዋት ነው። ለሻጩ “ሳታስነሳው ጠብቀኝ” በሉት፤ ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ምክንያቱም የደሴ ብርድ የሚያወጣውን ጉድ የሞቀ ሞተር ይሸፍነዋል።

ሳይነሳ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። የዛገ ውሃ ካያችሁ ለዓመታት በቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሄድ የኖረ ነው፤ ዘይት የሚንሳፈፍ ከሆነ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት ጉዳይ ነው። በሞተር ዘይት መሙያ ክዳን ሥር ቡናማ አረፋ ብቻ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ብርድ አገር ላይ እርጥበት ያጠራቅማል። አረፋው የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ካለ ያኔ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ይቁም። ነጭ ጭስ ሞተሩ እስኪሞቅ የተለመደ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና ጣፋጭ ሽታ ካለው ሞተሩ ውሃውን እያቃጠለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ለከፍታው ትንሽ ይቅር በሉት። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያላቸው እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ መኪኖችና አሮጌ የናፍታ ሞተሮች ነዳጅ ይበዛባቸዋል።

ከፍታው የመካኒኩን መለኪያም ያሳስታል። ኮምፕሬሽን ሲለካ መጽሐፉ 12 ባር ይላል እንበል፤ ደሴ ላይ ጤነኛው ያው ሞተር የሚያሳየው ወደ 9 ገደማ ነው። “ሞተሩ ሞቷል” ብሎ ዋጋ የሚሰብር ገዢም፣ “አብሽር፣ ምንም የለበትም” የሚል ሻጭም ሊሳሳቱ ይችላሉ። እናንተ የምትይዙት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ የፒስተን ፋሻ፣ ቫልቭ ወይም ጋስኬት ላይ ችግር አለ።

ስለ ሞተሮቹ በአጭሩ። በፈረንጆች ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው ቪትዝ 1.0 ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ከ2005 እስከ 2010 ያለው ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ይህኛው ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው። ሁለቱም ሰንሰለት እንጂ የታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ኮሮላዎች ውስጥ ያለው የ1.6 እና የ1.8 ዜድዜድ ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ የፋሻው ዘይት ማውጫ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ዘይቱ ከመለኪያው ታች ሆኖ ከተገኘ ሻጩ ረስቶ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሃይስ 5ኤል የናፍታ ሞተር ግን የታይሚንግ ቺንጋ አለው። መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ማስረጃ ከሌለ ያልተቀየረ አድርጋችሁ ሂሳብ ውስጥ አስገቡት፣ ምክንያቱም ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ሐረጎ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ ከ20 ኪሎሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በሜዳ ላይ ተነድቶ “ጨዋ ነው” የተባለ መኪና ሐረጎ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ሻጩ ይህን መንገድ ከከለከላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ስትወጡ ሦስትና አራት ሰው ጭናችሁ ውጡ። ቁልቁለቱ ሳይሆን ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጡ። የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር መዘግየቱን ወይም መምታቱን አዳምጡ፤ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ያንን መኪና እኔ በምንም ዋጋ አልወስደውም። ጉልበት ማነሱን ግን በልክ ፍረዱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪትዝ ወደ 53 ገደማ ይቀርለታል። ቤተሰብ ጭኖ ወረኢሉ ወይም ተንታ ለሚመላለስ ሰው 1.3 ሞተር ከ1.0 ይሻለዋል፣ በቤንዚንም ያን ያህል አይጎዳውም።

የሙቀት ጌጁ ከመሀል ማለፍ የለበትም። ደሴ ስትደርሱ ሳታጠፉ ለአሥር ደቂቃ አቁሙት፤ ፋኑ ተነስቶ መልሶ መቆም አለበት። እዚህ ላይ ትንሿ የራዲያተር ክዳን ትልቅ ሥራ ትሠራለች። በደሴ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ያው ነው ማለት ይቻላል። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ጎማዋ ያረጀ ክዳን ያለው መኪና ሌላ ምንም ሳይጎድለው ዳገት ላይ ይፈላል። ቴስታታው ተላጭቶ ከተመለሰ በኋላም እንደገና የሚፈላ መኪና ካያችሁ አስቀድማችሁ የምትመለከቱት ክዳኗን ነው።

ስትወርዱ ደግሞ ጌጁን እዩት። ከመሀል ወርዶ ወደ ቅዝቃዜው ከተጠጋ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀው የውሃ በር) ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጋራዦች የሚፈላን መኪና “የሚያድኑት” በዚህ መንገድ ነው፤ በሽታው ግን ውስጥ ይቀራል፣ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተርም ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ረጅሙን ቁልቁለት ነዳጅ ሳትረግጡ በማርሽ ይዛችሁት ውረዱና ታች ስትደርሱ ድንገት ርገጡ። በዚያች ቅጽበት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል። የፍሬን ፔዳል እግር ሥር ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣምሟል። ቆማችሁ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ያህል ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠ የፍሬን ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ውስጡን ያሳልፋል።

ከዚያ ኮብልስቶን ፈልጉ፤ በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም። መስታወት ከፍታችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ በ20 ፍጥነት ሂዱ። ከመሪና ከጎማ ጋር የተያያዙት መጋጠሚያዎች፣ ማለትም ቴስቲና፣ ቦል ጆይንት፣ የሞላ መቀመጫ፣ ካለቁ ሁሉም እዚያ ይናገራሉ። መሪውን እስከ ጥጉ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ ቀጭ ቀጭ ካለ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ) ነው።

መሪው የተቀየረ መኪና

ከጃፓን ቀኝ መሪ ሆነው ወጥተው በመንገድ ላይ ወደ ግራ የተቀየሩ ብዙ ቶዮታዎች አሉ። በደንብ የተሠራ አለ፣ በብየዳ የተጣጣፈም አለ። ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ገብታችሁ እዩ። የፍሬን ማስተሩ ቀኝ በኩል ቀርቶ በረጅም ዘንግ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሞተር ክፍሉ የሚለየው ላሜራ ላይ የተለጠፈ ብረት ካለ ሥራው ርካሽ ነው። ዝናብ ሲሆን መጥረጊያው የማይደርስበት ሰፊ ጥግ በሹፌሩ በኩል ከቀረም ያው ምልክት ነው። ማታ ደግሞ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ አጭር መብራቱን አብሩ። ለእኛ መንገድ የተሠራ መብራት ወደ ቀኝ ከፍ ይላል፤ ወደ ግራ ከፍ ካለ መብራቱ የቀኝ መሪ መኪና መብራት ነው፣ ሐረጎ ላይ ከፊታችሁ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያሳውራል።

ኪሎሜትሩን አትመኑ፤ ዲጂታሉ ከአሮጌው በቀለለ ይመለሳል። 80,000 የሚል ዳሽቦርድ ላይ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ ፔዳሉን እመኑ። ጎማ ላይ ባለው ሞላላ ምልክት ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ቢኖረውም አርጅቷል። በኪስ የሚያዝ ትንሽ ማግኔት የስቱኮ ቅብ ላይ አይይዝም፤ ከበሮቹ ይልቅ የኋላ ጭቃ መከላከያዎቹንና የበሮቹን ሥር ሞክሩበት። ስካነር ያለው መካኒክ ከወሰዳችሁ “ምንም ስህተት የለም” በሚል መልስ ብቻ አትርኩ፤ በዚያው ጠዋት ተደምስሶ እንደሆነ መሣሪያው ያሳያል፣ የራስ ምርመራዎቹ “አልተጠናቀቁም” ይላል።

ቀብድና ደላላ

ቀብድ በሕጋችን ጥርስ አለው። ገዢ ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ከለወጠ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ እዳና እገዳው ሳይጣራ ቀብድ አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁም “እገዳ ወይም ቀረጥ ቢገኝበት ቀብዱ ይመለሳል” የሚል አንድ መስመር አስጽፉ። የደላላው ኮሚሽን ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል መኪናው ከመታየቱ በፊት ይነገር፣ ሰኞ ገበያ ላይ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ነው። ዋናው ብር የሚተላለፈው ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም በባንክ ነው። የርክክቡ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ፤ ከዚያ በፊት የደረሰ አደጋና ቅጣት የሻጩ መሆኑ እንዲታወቅ። መኪናው ከአዲስ አበባ ከመጣ ፋይሉ ከዚያ ወደ አማራ ክልል መዛወር አለበት። ክሊራንሱን (የፋይል መልቀቂያውን) ሻጩ ራሱ ጨርሶ እንዲያስረክብ ተዋዋሉ፣ ካልሆነ 400 ኪሎሜትር እየተመላለሳችሁ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ።

ጨረታ

በጨረታ የሚሸጡት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ መሥሪያ ቤቶች የሚያስወግዷቸው፣ ጉምሩክ የወረሳቸውና ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ለብድር የያዛቸው። ማስታወቂያዎቹ በአዲስ ዘመንና በበኩር ጋዜጣ ይወጣሉ፤ የመሥሪያ ቤቶቹንና የኮምቦልቻ ጉምሩክን ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየትም አይከፋም። የባንክ ሐራጅ ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ትእዛዝ) ማስያዝ ይጠይቃል፤ አሸንፎ በተባለው ቀን ቀሪውን ያልከፈለ ሰው ያስያዘውን ያጣል። ብሩ እጃችሁ ላይ ከሌለ፣ “ካሸነፍኩ በኋላ እበደራለሁ” ብላችሁ አትግቡ።

መኪናው የሚሸጠው “ባለበት ሁኔታ” ነው። በተራ ሽያጭ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ይጠየቃል፤ እዚህ ግን የሚታየውን ሁሉ እንዳያችሁ ይቆጠራል። በመጎብኛው ቀን መንዳት አይፈቀድም፣ ብዙ ጊዜ ባትሪውም ሞቷል። የራሳችሁን ባትሪና ገመድ፣ የእጅ መብራት፣ ማግኔትና ለክራንኩ ብሎን የሚሆን ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። ማስነሳት ከተከለከለ በቁልፉ ሞተሩን በእጅ ለማዞር ፈቃድ ጠይቁ። ከዞረ አልተጣበቀም፤ ይህን ያህል ማወቅም ብዙ ዋጋ አለው። ለዓመታት ሲቆም የተነቀለበት ነገር ይኖራል፦ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ሬዲዮ። አይጥ የበላውን ሽቦም ፈልጉ።

የምታቀርቡትን ዋጋ ከላይ ወደ ታች አስሉ። ለምሳሌ ያህል ያው መኪና በጤንነቱ ገበያ ላይ 1,400,000 ብር ያወጣል እንበል። ጥገና 180,000፣ ጎማና ባትሪ 90,000፣ ጭኖ ማምጣት 40,000፣ ስም ማዛወርና ሰነድ 50,000 ይቀነስ። ላላያችሁት ጉድለት ደግሞ ከገበያ ዋጋው 15 በመቶ፣ ማለትም 210,000። የሚቀረው 830,000 ነው። ማስታወቂያው “ቫት ሳይጨምር” የሚል ከሆነ ይህን ለ1.15 አካፍሉት፤ ጣሪያችሁ ወደ 721,000 ይወርዳል። 830,000 ብሎ የጻፈ ሰው ሲያሸንፍ 124,500 ብር ቫት ይጠብቀዋል። ከመኪናው ጋር የመጣ ውዝፍ ታክስ ካለም በብዙ ማስታወቂያ ላይ ገዢ እንደሚከፍል ተጽፏል። ከጉምሩክ ለሚገዛ መኪና፣ ለትራንስፖርት ቢሮ የሚጻፈው ደብዳቤና የቀረጥ ሰነዱ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትጫረቱ፤ ሰሌዳ የሌለው መኪና ግቢ ውስጥ ይቆማል።

ስሙ ከዞረ በኋላ

የሦስተኛ ወገን መድኑንና ቦሎውን በስማችሁ አስተካክሉ። የሞተር ዘይቱን ከነፊልትሮው በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩ፤ ለቪትዝ 1.0 ወደ 3 ሊትር፣ ለ1.5 ኤንዜድ ሞተር 3.7 ሊትር ይበቃል። የፍሬን ዘይቱን በሙሉ አስወጥታችሁ በአዲስ ዶት 3 ለውጡ፣ 1 ሊትር ይዛችሁ ጀምሩ። ራዲያተሩን አጥባችሁ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙሉት፣ ቴርሞስታት ከሌለው አስገቡለት፣ ክዳኑንም በአሮጌው ላይ በተጻፈው ቁጥር አዲስ ግዙለት።